ምዕራፍ 7፦ ገደብ ያለው ግፊት፤ የብልት ቫኪዩም ፓምፕ እንዴት ይሠራል፣ በቤት ዕቃ ሲሠራስ ለምን ይጎዳል?

በምዕራፍ 4 ስለ ደም ግፊት መለኪያ ሲብራራ፣ በክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ በአየር ተነፍቶ የደም ቅዳ ቧንቧውን ከውጭ እንደሚጫነውና አየሩ ቀስ በቀስ ሲለቀቅ በቧንቧው ውስጥና ውጭ ያለው ግፊት የሚመጣጠንበት ነጥብ እንደሚለካ ታይቷል። ይህ ምዕራፍ ያንኑ መርህ ገልብጦ ይመረምራል፦ ከአካል ውጭ ያለው ግፊት እንዲጨምር ሳይሆን እንዲቀንስ ቢደረግ በደም ሥሮች ላይ ምን ይከሰታል? ለዚህ ጥያቄ ቁልጭ ያለ መልስ የሚሰጠው፣ ብዙዎች በልባቸው የሚያነሡት ጥቂቶች ግን አፍ አውጥተው የሚነጋገሩበት መሣሪያ፣ ማለትም ስንፈተ ወሲብ የገጠማቸው ወንዶች የሚጠቀሙበት የብልት ቫኪዩም ፓምፕ ነው።

መሣሪያው ለዓይን በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ጫፉ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ፣ አየር የሚያወጣ ፓምፕና የጎማ ቀለበት እንጂ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ይህ ቀላልነቱ፣ ከዋጋው መወደድና ወደ ፋርማሲ ገብቶ ለመጠየቅ ከሚያሳፍረው ስሜት ጋር ተዳምሮ፣ አንዳንድ ሰዎች ከጠርሙስ፣ ከሲሪንጅና ከላስቲክ የራሳቸውን ፓምፕ ለመሥራት እንዲነሡ አድርጓቸዋል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብም ከዚህ ይነሣል፦ የአየር ግፊትን ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ዝቅ ያለውን ግፊት አካል በሚችለው ልክ ወስኖ መያዝ ነው። ቱቦና ፓምፕን የሕክምና መሣሪያ የሚያደርጋቸው የመሳብ ኃይላቸው ሳይሆን የተበጀላቸው ገደብ ነው።

የአየር ግፊትና ዋግምት

ምድርን የከበበው አየር ክብደት አለው፤ በባሕር ወለል ላይ ይህ ክብደት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። ሐኪሞች ግፊትን በሚለኩበት መለኪያ ሲገለጽ ደግሞ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት አንድ ግፊት በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከፍ አድርጎ ሊሸከመው የሚችለው የሜርኩሪ ዓምድ ቁመት ሲሆን፣ ይህን የአለካክ መንገድ ያስገኘው ጣሊያናዊው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ያቀደው ሙከራ ነው። ከባሕር ወለል ከፍ ሲባል ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ 576 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው።

የሰው አካል ይህ ሁሉ ጫና ሳይሰማው የሚኖረው በውስጡ ያለው ፈሳሽና ህብረ ሕዋስም በዚያው መጠን መልሶ ስለሚገፋ ነው። ጫናው የሚታወቀው ሚዛኑ ሲዛባ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪከ በ1650ዎቹ ሁለት የመዳብ ንፍቀ ክበቦችን ገጥሞ በውስጣቸው ያለውን አየር ካወጣ በኋላ፣ በሁለት ወገን የተጠመዱ ፈረሶች እንኳ ሊያላቅቋቸው እንደተቸገሩ በአደባባይ አሳይቷል። ንፍቀ ክበቦቹን አጣብቆ የያዛቸው በውስጣቸው የነበረ ሳቢ ኃይል ሳይሆን ከውጭ የሚጫናቸው አየር ነበር። መሳብ ተብሎ የሚጠራው ነገር በእርግጥ ከፍ ያለው ግፊት ዝቅ ወዳለበት ወገን የሚያደርገው መግፋት ነው።

ይህ መርህ በኢትዮጵያ ባሕላዊ ሕክምና ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በተግባር ይታወቃል። ዋግምት በሚደረግበት ጊዜ ባለሙያው ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ቀንድ በቆዳ ላይ ደፍቶ አየሩን በአፉ ስቦ ያወጣና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በቀንዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከአካሉ ግፊት ስለሚያንስ ቆዳው ወደ ቀንዱ ያብጣል፣ ደምም ወደዚያ ቦታ ይጎርፋል፤ ቀንዱ ሲነሣ በቆዳው ላይ የሚቀረው ክብ ቅላትም ደሙ የተከማቸበት፣ አንዳንዴም ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ተበጥሰው ደም ወደ ቆዳው የገባበት ምልክት ነው። የብልት ቫኪዩም ፓምፕ በመርህ ደረጃ ከዋግምት የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ አንደኛ፣ ደሙ የሚጠራበት ቦታ ደምን ተቀብሎ ለመያዝ በተፈጥሮ የተዘጋጀ አካል ነው፤ ሁለተኛ፣ በዋግምት ክብ ቅላት መቅረቱ የሚጠበቅ ሲሆን፣ በፓምፑ ግን ያ ቅላት ግፊቱ ከልክ ማለፉን የሚያመለክት ጉዳት ነው።

ብልት በተፈጥሮ እንዴት ይቆማል?

መሣሪያው የሚተካውን ነገር ለማወቅ አስቀድሞ የተፈጥሮውን ሂደት መረዳት ያስፈልጋል። በወንድ ብልት ውስጥ ከላይ በኩል ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም የስፖንጅ መሰል ህብረ ሕዋስ ዘንጎች አሉ፤ ከሥራቸው ደግሞ የሽንት ቧንቧውን አቅፎ የያዘ ሦስተኛ ዘንግ አለ። ሁለቱ የላይኞቹ ዘንጎች በጠንካራና እምብዛም በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ብልት ረግቦ ባለበት ሰዓት በዘንጎቹ ውስጥ ያሉት ለስላሳ ጡንቻዎች ተኮማትረው ስለሚቆዩ ወደ ውስጥ የሚገባው ደም ጥቂት ነው።

የወሲብ ስሜት ሲነቃቃ ነርቮችና የደም ሥሮች ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በጥቃቅን መጠን ያመነጫሉ፤ ይህ ጋዝ በደም ሥሮች ሥራ ላይ ያለውን ሚና ያገኙት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የጋዙ መልእክት ጡንቻዎቹን ያላላቸዋል፣ ደም ቅዳዎቹም ይሰፋሉ፤ ዘንጎቹ በደም ሲሞሉ ደሙን የሚመልሱት ቀጫጭን ደም መልሶች በዘንጉና በጠንካራው ሽፋን መካከል ተጨፍልቀው ይዘጋሉ። በዚህ መንገድ መግቢያው ሰፍቶ መውጫው ሲጠብ ደሙ በውስጥ ይታገዳል፣ ብልትም ጠንክሮ ይቆማል።

ስለዚህ የብልት መቆም የነርቭ፣ የደም ሥር፣ የሆርሞንና የአእምሮ የጋራ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ስኳር በሽታ ነርቮችንና የደም ሥሮችን ሲጎዳ፣ ሲጋራና ከፍተኛ የደም ግፊት የደም ቅዳዎችን ሲያጠቡ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በአካባቢው የሚያልፉትን ነርቮች ሲነካ፣ ወይም ጭንቀትና ድብርት መልእክቱን ከምንጩ ሲያዳክሙት ይህ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ይበጠሳል።

ፓምፑ ሰንሰለቱን እንዴት ያልፈዋል?

የቫኪዩም ፓምፕ የተበጠሰውን ሰንሰለት አይጠግንም፤ በጎኑ ያልፈዋል እንጂ። ተጠቃሚው የቱቦውን ክፍት አፍ በውኃ በሚሟሟ ቅባት አርሶ በብልቱ ላይ ያጠልቀዋል፣ አፉንም በሆዱ ሥር ካለው ቆዳ ጋር አየር እንዳያስገባ አድርጎ ያስጠጋዋል። ከዚያ ፓምፑን ለአጭር ጊዜ ቀስ ብሎ ይሠራና ያርፋል፣ እንደገናም ይሠራል። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ ከሌላው የሰውነት ክፍል ያለው ደም ወደ ዘንጎቹ ይገፋል። ብልቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከሞላ በኋላ በቱቦው ላይ ተወጥሮ የቆየው የጎማ ቀለበት ወደ ብልቱ ሥር ተንሸራትቶ ይገባል፤ ቀለበቱ የደሙን መመለሻ ስለሚያጠብ፣ ቫኪዩሙ ተለቆ ቱቦው ከወጣ በኋላም ብልቱ እንደቆመ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት መታየት አለበት። በተፈጥሮ ሲቆም ብልቱን የሚሞላው ኦክስጂን የያዘው የደም ቅዳ ደም ሲሆን፣ በፓምፕ ሲቆም ግን ግፊቱ ደምን ከሁለቱም አቅጣጫ ስለሚጠራ ኦክስጂኑ ያለቀበት የደም መልስ ደምም አብሮ ይገባል። በዚህ ምክንያት በፓምፕ የቆመ ብልት ቀዝቀዝ ያለና ወደ ሰማያዊነት ያደላ መልክ ይኖረዋል፤ ከቀለበቱ በስተጀርባ፣ በሰውነት ውስጥ የተቀበረው የዘንጎቹ ሥር ስለማይጠነክርም ብልቱ ከሥሩ ወዲያና ወዲህ ሊወዛወዝ ይችላል። ቀለበቱ የዘር ፈሳሽ እንዳይወጣ ሊያግድ፣ አንዳንዴም የመደንዘዝ ስሜት ሊያመጣ ይችላል። እነዚህ የመሣሪያው ባሕርያት እንጂ ብልሽቶች አይደሉም፤ ነገር ግን ታግዶ የቆየው ደም ኦክስጂኑ እያነሰ ስለሚሄድ ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም የሚለው ሕግ ከየት እንደመጣ ያስረዳሉ።

ከጎማ ሠራተኛ እጅ እስከ ሕክምና መመሪያ

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ከግለሰብ ሙከራ ወደ ተወሰነ ገደብ የተደረገ ጉዞ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኪንግ በ1874 አየርን ከብርጭቆ ዕቃ በማውጣት ብልትን በደም የመሙላትን ዘዴ ገልጾ ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው ሲነሣ ደሙ ወዲያው ይመለስ ስለነበር ጥቅሙ አጭር ነበር። በ1917 ኦቶ ሌደረር የተባለ ሰው ቫኪዩሙን ከማገጃ ቀለበት ጋር ላዋሐደ መሣሪያ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዛሬ ያለው መሣሪያ መሠረቱ ይኸው ነው።

ይህን ሐሳብ ለሕዝብ ያደረሰው ግን በጆርጂያ ግዛት፣ በኦገስታ ከተማ በጎማ እድሳት ሥራ ይተዳደር የነበረው ጌዲንግስ ኦስቦን ነው። ኦስቦን በ1960ዎቹ ለራሱ ችግር መፍትሔ ሲፈልግ በገዛ እጁ የሠራውን መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሞበታል፤ ቆይቶም ለሌሎች ማቅረብ ጀመረ። በ1976 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሕክምና መሣሪያዎችን በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ቁጥጥር ሥር ካደረገ በኋላ፣ የኦስቦን መሣሪያ በ1982 ለገበያ እንዲቀርብ ፈቃድ አገኘ። የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር፣ ማለትም የሽንት ቧንቧና የወንዶች የመራቢያ አካላት ሐኪሞች ማኅበር፣ በ1996 የቫኪዩም መሣሪያን ከሕክምና አማራጮች አንዱ አድርጎ ተቀበለው።

በቤት ውስጥ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች የኦስቦንን ታሪክ እንደ ማስረጃ ሊያነሡት ይችላሉ፤ እሱም የጀመረው በገዛ እጁ ሠርቶ ነውና። ታሪኩ ግን በዚያ አልቆመም። መሣሪያው ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ የብዙዎች ሕክምና ሲሆን፣ ማኅበሩ በ2005 መመሪያው በሐኪም ትእዛዝም ይሁን ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ማንኛውም መሣሪያ የቫኪዩም ወሰን አበጂ፣ ማለትም ቫኪዩሙ ከልክ እንዳያልፍ የሚያግድ ክፍል፣ ሊኖረው እንደሚገባ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ የመጣው ከሳቢው ኃይል ባሕርይ ነው፤ ባሕርዩም በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል።

የአምስት ስበት ስሌት

ሮበርት ቦይል በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአንድ አየር ይዘት ሲሰፋ ግፊቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ሰው በቱቦ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር አየር ቢኖረውና ከእርሱ ጋር ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ያለው የ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቢያገናኝ፣ ሲሪንጁ አንድ ጊዜ ሲሳብ የ150 ሚሊ ሊትሩ አየር በ200 ሚሊ ሊትር ቦታ ላይ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ግፊቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ቫልቩ የወጣው አየር እንዳይመለስ ስለሚያግድ እያንዳንዱ ቀጣይ ስበትም የቀረውን ግፊት እንደገና ወደ ሦስት አራተኛው ያወርደዋል።

ስሌቱ ሲዘረዘር 576 የነበረው ግፊት በመጀመሪያው ስበት 432፣ በሁለተኛው 324፣ በሦስተኛው 243፣ በአራተኛው 182፣ በአምስተኛው 137 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። አካሉን የሚጫነው በውስጥና በውጭ ያለው ልዩነት ስለሆነ፣ ልዩነቱ በቅደም ተከተል 144፣ 252፣ 333፣ 394 እና 439 ነው። በሕክምና አጠቃቀም የሚፈለገው ልዩነት በአብዛኛው ከ100 እስከ 225 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 ባወጣው መመሪያ የማንኛውም መሣሪያ የመጨረሻ ጣሪያ 17 ኢንች ሜርኩሪ፣ ማለትም 430 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ይህ ተራ የእጅ ሲሪንጅ በሁለተኛው ስበት የተለመደውን የሕክምና ክልል ያልፋል፣ በአምስተኛው ደግሞ የመጨረሻውን ጣሪያ ይሻገራል። በእርግጥ ብልቱ ሲሞላ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝና በአፉ በኩልም ጥቂት አየር ስለሚገባ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ የስሌቱ ቁም ነገር ግን አይለወጥም። እጅ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ስበት መካከል ያለውን አደጋ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ልዩነት በደም ሥሮች ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት አንድ ተጨማሪ ቁጥር በቂ ነው። ካፒላሪ በሚባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው የደም ግፊት ደሙ በሚገባበት ጫፍ 35፣ በሚወጣበት ጫፍ ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፤ ግድግዳቸውም የተሠራው ለዚህ ዓይነት ጫና ነው። ከውጭ ያለው ግፊት በ100 ሲቀንስ ግድግዳው ከለመደው ብዙ እጥፍ ጫና ይገጥመዋል። ቀስ ብሎ ሲደረግና አጭር ሲሆን ህብረ ሕዋሱ በደም እየሞላ ይላመዳል፤ በድንገት ሲደረግ ወይም ከልክ ሲያልፍ ግን ካፒላሪዎቹ ይበጠሱና መጀመሪያ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጥቦች፣ ቀጥሎ የደም መቋጠር፣ ከዚያም እብጠትና የቆዳ መላጥ ይከተላሉ።

በቤት ዕቃ ሲሠራ ምን ይጎድላል?

ከዚህ በመነሣት የተፈቀደ መሣሪያ የሚሠራቸውን ሥራዎች በአራት መክፈል ይቻላል፦ አየር ሳያስገባ መግጠም፣ አየሩን ማውጣት፣ ግፊቱን በወሰን መያዝና በአስፈላጊው ቅጽበት ወዲያው መልቀቅ። በቤት ዕቃ የሚሠራው ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ የሚያሟላው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ነው፤ አካልን የሚጠብቁት ደግሞ የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ጉድለታቸው ይገለጣል። የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከውጭ የሚጫነውን አየር ሳይቋቋም ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ የተቆረጠው አፉም ደም የሞላውንና የተወጠረውን ቆዳ ይቀዳል። ብርጭቆ በግፊት ልዩነት ሊሰበር ይችላል፤ የሚሰበረውም ወደ ውስጥ፣ አካሉ ወዳለበት ወገን ነው። ሲሪንጅና የብስክሌት ጎማ መንፊያ ተገልብጠው ሲሠሩ አየር ያወጣሉ፣ ነገር ግን ምን ያህል እንዳወጡ የሚናገር መለኪያም ሆነ በ225 ላይ ራሱን የሚከፍት ቫልቭ የላቸውም። ሕመም ሲጀምር የሚጫን የመልቀቂያ ቁልፍ ከሌለም ሰው ደንግጦ ቱቦውን በኃይል ይጎትታል፣ ጉዳቱንም ያባብሰዋል።

ከሁሉም የከፋው ቫኪዩም ክሊነር ነው። በ1980 የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት በቫኪዩም ክሊነር ብልታቸው የቆሰለ ወንዶችን ጉዳይ ዘግቧል፤ በእጅ በሚያዙት ትንንሽ ዓይነቶች ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከረው ፋን ከመሳቢያው አፍ ብዙም የራቀ ስላልነበረ ጉዳቱ ከባድ ነበር። ይህ ዕቃ አቧራ ለመሳብ የተሠራ እንደመሆኑ አካል ወደ አፉ ይገባል ብሎ ያሰበ ንድፍ የለውም።

ቀለበቱም እንደ ቱቦው ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሕክምናው ቀለበት ከሚለጠጥ ነገር ይሠራል፣ በተለያየ ስፋት ይቀርባል፣ ቶሎ ጎትቶ ለማውጣትም በጎኑ መያዣ ጆሮዎች አሉት። የወረቀት ማሠሪያ ላስቲክ ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ የብረት ቀለበት ወይም የጠርሙስ አንገት ደግሞ ብልቱ ካበጠ በኋላ በቀላሉ አይወጣም። በዚህ ሁኔታ የታነቀ ብልት በድንገተኛ ክፍል ውስጥ በመቁረጫ መሣሪያ ካልተላቀቀ ህብረ ሕዋሱ በኦክስጂን እጦት ሊሞት ይችላል። በተፈቀደው ቀለበት እንኳ ቢሆን ከ30 ደቂቃ ማለፍ፣ ቀለበቱ እንዳለ መተኛት ወይም 60 ደቂቃ ሳያርፉ ደግሞ መጠቀም ክልክል ነው።

የማይሰጠው ነገር፦ ብልትን ማሳደግ

ፓምፕን በቤት ለመሥራት ከሚነሡት መካከል አንዳንዶቹ ስንፈተ ወሲብ የሌለባቸው፣ ብልታቸው በቋሚነት ይረዝማል ብለው ተስፋ ያደረጉ ወጣቶች ናቸው። ለዚህ ተስፋ ማስረጃ የለም። በ2006 የታተመ አንድ የኢራን ጥናት 37 ወንዶች መሣሪያውን በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ20 ደቂቃ፣ ለ6 ወራት እንዲጠቀሙ አድርጎ ውጤቱን ለክቷል፤ አማካይ ርዝመቱ ከ7.6 ወደ 7.9 ሴንቲ ሜትር ብቻ የተለወጠ ሲሆን፣ ይህም በስታትስቲክስ ሚዛን ትርጉም የሌለው ልዩነት ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ቀደም ሲል ከተገለጸው የአካል አሠራር ጋር ይያያዛል። ግፊቱ የሚጨምረው የደሙንና በህብረ ሕዋሱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ መጠን እንጂ የህብረ ሕዋሱን ብዛት አይደለም። ፓምፑ እንደተነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚታየው ውፍረትም እብጠት ስለሆነ ፈሳሹ ሲመለስ አብሮ ይጠፋል። ይህን እብጠት ዕድገት መስሎት ግፊቱንና ጊዜውን እየጨመረ የሚሄድ ሰው የሚጎዳው ጤነኛ የነበረውን አካል ነው።

ሕክምናው ርካሽ የሚሆንበት መንገድ

የቫኪዩም ፓምፕ ለብዙዎች ትክክለኛ ሕክምና ነው። ሲልዴናፊል የተባለው ክኒን በ1998 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ስንፈተ ወሲብን በቀላሉ ማከም ቢቻልም፣ ለልብ ሕመም ናይትሬት የተባሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች የደም ግፊታቸው አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ስለሚችል ክኒኑን መውሰድ አይችሉም፤ ለአንዳንዶች ደግሞ ክኒኑ አይሠራላቸውም። ለእነዚህ ሰዎች፣ እንዲሁም የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው፣ ፓምፑ ቀዶ ሕክምናም ሆነ መድኃኒት ሳያስፈልግ የሚሠራና አንዴ ከተገዛ ለዓመታት የሚያገለግል አማራጭ ነው። ወጪ መቀነስ የሚቻለውም እዚህ ላይ ነው፤ በባትሪ የሚሠራው ውድ ዓይነት ሳይሆን ወሰን አበጂ ቫልቭ ያለው የእጅ ፓምፕ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሐኪም ሳያማክሩ ሊጠቀሙበት የማይገባቸው ሰዎችም አሉ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱና ደማቸው ቶሎ የማይረጋ ሰዎች ለውስጥ መድማት ይጋለጣሉ። ሲክል ሴል የተባለው የቀይ ደም ሴሎችን ቅርጽ የሚለውጠው ሕመም፣ የደም ካንሰር ወይም ብልታቸው ቆሞ ሳይረግብ የቆየበት ታሪክ ያላቸው ሰዎች ደሙ ታግዶ እንዳይቀር ያሰጋቸዋል። በነርቭ ጉዳት ምክንያት የብልታቸው ስሜት የቀነሰ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የሆነው ሕመም ስለማይሰማቸው ጉዳቱን የሚያውቁት ከደረሰ በኋላ ነው።

ወደ ሐኪም መሄድ ከፓምፑም በላይ የሚያስገኘው ጥቅም አለ። የብልት ደም ቅዳዎች ስፋታቸው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ልብን የሚመግቡት ደም ቅዳዎች ግን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ናቸው። በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ስብ የሰውነትን ደም ሥሮች ሁሉ የሚያጠብ ከሆነ፣ መጀመሪያ ምልክቱን የሚያሳዩት ቀጭኖቹ ናቸው። በመሆኑም የብልት አለመቆም ከልብ ሕመም ምልክቶች ከ2 እስከ 5 ዓመት ቀድሞ ሊታይ ይችላል፤ ችግሩ የገጠመው ሰው የደም ስኳሩን፣ የደም ግፊቱንና የደም ስቡን ቢመረመር ሕይወቱን ሊያድን የሚችል መረጃ ያገኛል። ችግሩን ደብቆ በቤቱ ጠርሙስ የሚቆርጥ ሰው ግን ብልቱን ለአደጋ ከማጋለጡ በተጨማሪ ይህን ማስጠንቀቂያ ሳይሰማው ያልፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለዚህ ሁኔታ በሚገባ ይስማማል።

በአጠቃላይ፣ ከዚህ ምዕራፍ አንባቢው ይዞ እንዲሄድ የሚፈለገው አንድ ነጥብ ነው፦ አየር ከቱቦ ማውጣት ማንም ይችላል፤ አካል የሚጠበቀው ግን ግፊቱ የት ላይ መቆም እንዳለበት በሚያውቀው ቫልቭ ነው። ስለሆነም ፓምፕ የሚያስፈልገው ሰው በመጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ቀጥሎም ወሰን አበጂና ፈጣን መልቀቂያ ያለውን መሣሪያ ይግዛ፣ ቀለበቱንም ከ30 ደቂቃ በላይ አያቆይ። በራሱ ሙከራ የተጎዳ፣ ብልቱ ጠቁሮ ወይም ደንዝዞ የቀረ፣ ቀለበት አልወጣ ያለው ወይም ብልቱ ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይረግብ የቆየ ሰው ደግሞ ኀፍረት ሳይዘው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።